ወኪሉ የማን ነው? ላሊበላ፣ መንገደኛውና ጉዞ የሚያቅደው ሶፍትዌር



በዚህ እትም የምናነሳው ጉዳይ አንዳንዶቻችሁን ሊያስገርም ይችላል። ስለ ሶላት ወይም ስለ ፈተና ዝግጅት ሳይሆን፣ ለሰው ጉዞ ስለሚያቅድ ሶፍትዌር፣ እሱም በላሊበላና በላስታ ደጋ ላይ ስለሚያመጣው ነገር ነው። «ላሊበላ የክርስቲያን ወንድሞቻችን የአምልኮ ቦታ ነው፤ እኛን ምን አገባን?» የሚል ይኖራል። መልሳችን አጭር ነው። በላስታ የሚኖረው ሰው፣ አስጎብኚውም፣ ሾፌሩም፣ ባለ በቅሎውም፣ እንጀራ ጋጋሪዋም ጎረቤታችን ነው። የጎረቤት እንጀራ ደግሞ በዲናችን የሚያገባን ጉዳይ ነው። በዚያ ላይ ከመካከላችን ብዙዎቹ የሶፍትዌርና የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪዎች ናቸው። ነገ ይህን መሣሪያ የሚሠሩት እነሱ ናቸው።

መጀመሪያ ነገሩን እንወቀው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ተጓዥ በኢንተርኔት ፈልጎ፣ አነጻጽሮ፣ ራሱ ይወስን ነበር። አሁን ግን «አምስት ቀን አለኝ፤ ጉልበቴን ያመኛል፤ ሙስሊም ነኝ፤ ላሊበላን ማየት እፈልጋለሁ» ብሎ ይጽፋል። ሶፍትዌሩ ሥራውን ለራሱ ይከፋፍላል፤ በረራ ይፈልጋል፣ ሆቴል ይመርጣል፣ የምግቡን ነገር ያስባል፣ የቀኑን ፕሮግራም ይደለድላል፤ ፈቃድ ከተሰጠውም ገንዘቡን ከፍሎ ይጨርሳል። ይህ ነው በባለሙያዎቹ ቋንቋ «ወኪል» የሚባለው። ከፍለጋ ገጽ የሚለየው በሰው ፈንታ መወሰኑ ነው።

ሐሳቡ የትናንት አይደለም። ፊፓ የተባለው የሶፍትዌር ወኪሎችን ደረጃ ያወጣ የነበረ ዓለም አቀፍ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1997 ባዘጋጃቸው የመጀመሪያ ሰነዶች ውስጥ ለምሳሌነት ከመረጣቸው ሥራዎች አንዱ የግል የጉዞ ረዳት ነበር። ያኔ ሐሳቡ ከወረቀት ብዙም አልራቀም። እ.ኤ.አ. በ2023 ግን ኤክስፒዲያና ካያክ አገልግሎታቸውን ከቻትጂፒቲ ጋር አገናኙ፤ ቡኪንግ ዶት ኮምም በዚያው ዓመት የራሱን የጉዞ ማቀጃ ረዳት አወጣ። ስለዚህ ወደ ላሊበላ የሚመጣው እንግዳ ምክሩን ከአስጎብኚ ድርጅት ሳይሆን ከእንዲህ ዓይነቱ ረዳት የሚወስድበት ጊዜ ውስጥ ገብተናል።

ጥቅሙን አንክድም። አንድ ሙስሊም መንገደኛ ላሊበላ ቢደርስ ቂብላው በየት በኩል ነው? መካ ከላሊበላ በስተሰሜን፣ በጣም በጥቂቱ ወደ ምሥራቅ ዘንበል ብላ ነው የምትገኘው፤ ርቀቱም በቀጥታ መስመር ከ1,000 ኪሎ ሜትር ብዙም አይበልጥም። ይህን ሶፍትዌሩ ማስላት ይችላል። የሶላት ወቅቶችን ያውቃል። ከወልድያ በጋሸና በኩል ላሊበላ ለመድረስ የሚኬደው መንገድ ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ስለሆነ፣ ብዙዎቹ ዑለማእ ባስቀመጡት ርቀት መሠረት ሙሳፊሩ ሶላቱን ማሳጠር እንደሚፈቀድለት ሊያስታውሰው ይችላል። ከተማዋ በ2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ መሆኗን፣ አቡነ ዮሴፍ ተራራ ደግሞ ከ4,200 ሜትር እንደሚበልጥ ነግሮ፣ ልቡን ለሚያመው ሰው ቀስ እንዲል ይመክረዋል። እነዚህ ለአንድ መንገደኛ ትንሽ ነገር አይደሉም።

ሌላም ጥቅም አለ። በቱሪስት ከተማ ሁሉ እንዳለው፣ በላሊበላም እንግዳውን ከአውሮፕላን ማረፊያው ጀምሮ ተከትሎ ዋጋ የሚያንር ደላላ አይጠፋም። ሶፍትዌሩ ትክክለኛውን ዋጋ አስቀድሞ ካሳወቀ መንገደኛው አይታለልም፤ በታማኝነት የሚሠራው አስጎብኚም ስሙ በደላላው አይበላሽም። ስለዚህ «መሣሪያው ሐራም ነው፣ ይቅር» የሚል አቋም የለንም። የእኛ ጥያቄ ሌላ ነው፤ ይህ ወኪል ወኪልነቱ ለማን ነው?

ወካላ በፊቅሃችን ሰፊ ምዕራፍ ነው። ወኪል ማለት በሌላ ሰው ፈንታ፣ ለዚያ ሰው ጥቅም የሚሠራ ነው። አብዛኞቹ ፉቀሃእ ሽጥልኝ ተብሎ የተወከለ ሰው ዕቃውን ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ለራሱ መግዛት አይችልም ይላሉ። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ሻጭ ዋጋው ከፍ እንዲል፣ ገዢ ዝቅ እንዲል ይፈልጋል፤ አንድ ሰው ሁለቱን በአንድ ጊዜ ሆኖ አማናውን ሊጠብቅ አይችልም። የአገራችን የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግም ወኪል ለወካዩ በፍጹም ቅን ልቡና እንዲሠራ ያስገድዳል። ረሱልም (ሰ.ዐ.ወ) ምክር የተጠየቀ ሰው አደራ የተጣለበት መሆኑን አስተምረውናል።

እስቲ የጉዞ ሶፍትዌሩን በዚህ ሚዛን እንየው። መንገደኛው «የትኛው ሆቴል ይሻለኛል?» ብሎ ይጠይቃል። የጉዞ ገጾች ከሆቴሎች የሚወስዱት ኮሚሽን አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 25 በመቶ ነው፤ ተጨማሪ የሚከፍል ሆቴል በዝርዝሩ ላይ ከፍ ብሎ የሚታይበት አሠራርም አለ። በድሮው የፍለጋ ገጽ ላይ ቢያንስ ሃያ ሆቴሎች ተደርድረው ይታዩ ነበር፤ ሰውየው ዝቅ ብሎ አምስተኛውን ማየት ይችል ነበር። ወኪሉ ግን «ይህ ይሻልሃል» ብሎ አንዱን ያቀርባል። ለምን እንደመረጠው በትክክል ላይናገር ይችላል። ድምፁ የወዳጅ ነው፤ ገንዘቡ ግን ከሻጩ ነው የሚመጣው። እኛ በአማርኛ እንዲህ ያለውን ወኪል አንለውም፤ ደላላ ነው የምንለው። ደላላነት በራሱ ክልክል አይደለም። ክልክሉ ደላላ ሆኖ ወኪል ነኝ ማለት ነው።

በሐዲስ መጻሕፍት የምናገኘው ሌላ ክልከላ ደግሞ ለዚህ ዘመን የተነገረ ይመስላል። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ሲራራ ነጋዴዎች ገበያ ሳይደርሱ መንገድ ላይ ወጥቶ ተቀብሎ ዕቃቸውን መግዛትን ከልክለዋል። ባለ ግመሉ የገበያውን ዋጋ ገና አላወቀም፤ የተቀበለው ሰው ደግሞ ያውቃል። በአንድ ዘገባም ሻጩ ገበያ ደርሶ ዋጋውን ካወቀ በኋላ ውሉን የማፍረስ ምርጫ ተሰጥቶታል። ክልከላው ንግድን ለመከልከል አይደለም። አንዱ ወገን የሚያውቀውን ሌላው በማያውቅበት መካከለኛ ቦታ ላይ ቆሞ መጠቀምን ለመከልከል ነው። ዛሬ ያ መካከለኛ ቦታ የስልክ ስክሪን ነው። እንግዳው አዲስ አበባ ሳይደርስ፣ ከላስታ ሰው አንድ ቃል ሳይሰማ፣ አልጋው፣ መኪናውና አስጎብኚው ተወስኖ ያልቃል። መቄት ያለው ገበሬ እንግዳ በአካባቢው ማለፉን የሚያውቀው መኪናው አቧራ አስነስቶ ሲያልፍ ነው።

መቄትን ያነሳነው በምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ተስፋ በሚባለው የማኅበረሰብ ቱሪዝም አሠራር፣ የመቄትና የላስታ ገበሬዎች በገደል አፋፍ ላይ የእንግዳ ጎጆ ሠርተው፣ ራሳቸው አብስለው፣ ራሳቸው መንገድ መርተው፣ በበቅሎና በአህያ ጓዝ አጓጉዘው መንገደኛን ሲያስተናግዱ ቆይተዋል። መቋት ማርያም ከእነዚህ ቦታዎች የመጀመሪያው ነው። የዚህ ዓይነቱ መስተንግዶ ሀብቱ ዕውቀት ነው፤ የትኛው አፋፍ ላይ ጭላዳ እንደሚገኝ፣ የትኛው ወንዝ በክረምት እንደማያሻግር፣ ማን ቤት ቡና እንደሚፈላ። ይህ ዕውቀት በአብዛኛው በሰው አፍ ያለ እንጂ በኢንተርኔት የተጻፈ አይደለም። ሶፍትዌሩ ደግሞ ያልተጻፈውን አያውቅም። ስለ ላሊበላ የሚያውቀው እንግዶች በእንግሊዝኛ የጻፉትን ነው፤ ላስታ ስለ ራሱ በአማርኛ የሚያውቀው አልደረሰውም። እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገቡትን 11 ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ስም በሙሉ ይዘረዝርላችኋል፤ ጋሸና ላይ ዛሬ መኪና ይኑር አይኑር ግን አያውቅም።

ጥቃቅን የሚመስሉ ስሕተቶችም ከዚሁ ይመነጫሉ። መናኸሪያ ላይ «መኪናው 12 ሰዓት ይነሳል» ሲባል ንጋት ላይ ማለት ነው፤ የውጭ ሰዓት የሚቆጥር ፕሮግራም እንግዳውን እኩለ ቀን ላይ ይልከዋል፤ መኪናው ስድስት ሰዓት ቀድሞ ሄዷል። ገና በአብዛኛው ታኅሣሥ 29 ይውላል፤ ጳጉሜን ስድስት ቀን ሆና ባለፈችበት ዓመት ግን ታኅሣሥ 28 ላይ ይከበራል። በዚያ ሰሞን ላሊበላ በምዕመን ስለምትጥለቀለቅ አልጋ ማግኘት ከባድ ነው። የምግብን ነገር ደግሞ እንመልከት። ውጭ አገር የተሠራ መተግበሪያ «ሐላል ምግብ ቤት» ብሎ ይፈልግና «የለም» ብሎ ይደመድማል። የወሎ ሰው ግን የሙስሊም ሥጋና የክርስቲያን ሥጋ የሚባለውን ልዩነት ያውቃል፤ ረቡዕና ዓርብ፣ በዐቢይ ጾምና በሌሎቹም አጽዋማት ደግሞ ሽሮው፣ ምስሩና ጎመኑ ሥጋም ቅቤም የሌለበት መሆኑን ያውቃል። ሙስሊሙ መንገደኛ በክርስቲያን ወንድሙ የጾም ማዕድ ጠግቦ ሊያድር ይችላል። ይህን የሚነግረው ሰው እንጂ የሐላል ምልክት የሚፈልግ ፕሮግራም አይደለም።

ከሁሉ የሚከብደው ግን የሰላም ጉዳይ ነው። ላስታ ያለፉትን ዓመታት በምን ሁኔታ እንዳሳለፈ ሁላችንም እናውቃለን። መጀመሪያ ኮቪድ እንግዳውን አስቀረ። ከሐምሌ 2013 መጨረሻ እስከ ታኅሣሥ 2014 ላሊበላ በጦርነቱ ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ተለዋወጠች። የፕሪቶሪያ ስምምነት በጥቅምት 2015 ተፈርሞ ሰው ተስፋ ባደረገበት ዓመት ደግሞ፣ በሐምሌ መጨረሻ በክልሉ ግጭት ተቀስቅሶ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ የሞባይል ኢንተርኔት በአማራ ክልል ለብዙ ወራት ተቋረጠ። እንዲህ ባለ ቦታ የጉዞ ምክር መስጠት የነፍስ ጉዳይ ነው። ሶፍትዌሩ በሁለት መንገድ ሊጎዳ ይችላል። አንደኛ፣ በሰላሙ ጊዜ የተጻፈን መረጃ ይዞ «ከወልድያ በመኪና ሂድ» ብሎ ሰውን ወደማይኬድበት መንገድ ይልካል። ሁለተኛ፣ የኤምባሲ ማስጠንቀቂያ አንብቦ ላሊበላን ከዕቅዱ ላይ ይሰርዛታል፤ ከዚያም ሁኔታው ቢሻሻል እንኳ የተሻሻለውን የሚጽፍለት ስለሌለ እንደሰረዛት ይቀራል። የመጀመሪያው ስሕተት መንገደኛውን ይጎዳል፤ ሁለተኛው የላስታን ቤተሰብ። ኢንተርኔት በተዘጋበት ወር የላሊበላ ሰው «አሁን እንዲህ ነን» ብሎ ራሱን የሚያስረዳበት መንገድ አልነበረውም። ሰው ግን ስልክ ደውሎ ይጠይቃል፤ ከጋሸና የመጣውን ሾፌር ያናግራል። ይህ በዲናችን ሹራ የምንለው ነው፤ የሚያውቀውን ማማከር።

አሁን ወደ ሌላ ነጥብ እንለፍ። ከእነዚህ ሶፍትዌሮች አንዳንዶቹ ለእያንዳንዱ ሰው የሚስማማውን የሚመርጡት እሱን የሚመስሉ ሌሎች ሰዎች የመረጡትን አይተው ነው። ሙስሊም ነኝ ላለ ሰው ሙስሊሞች የሄዱበትን፣ ክርስቲያን ለሆነው ክርስቲያኖች የሄዱበትን ያሳያሉ። ይህ በወሎ ላይ ሲሠራ ምን ይሆናል? ለአንዱ ላሊበላ ብቻ ትታየዋለች። ለሌላው ጀማ ንጉሥ፣ ሼኽ ሙሐመድ ሻፊ ያስተማሩበትና የወሎ ዒልም የተስፋፋበት ቦታ፣ ወይም የአርጎባዎቹ ጥንታዊ የድንጋይ መንደር ሾንኬ ብቻ ይታየዋል። ወሎ ግን በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ሙስሊምና ክርስቲያን የሚገኝበት፣ በሐዘንም በሠርግም አብሮ የሚቀመጥ ሕዝብ አገር ነው። የፕሮፌሰር ሑሴን አሕመድን ስለ 19ኛው ክፍለ ዘመን የወሎ እስልምና የተጻፈ ሥራ ያነበበ፣ የላሊበላን ታሪክም የሚያውቅ ሰው ወሎን ሙሉ አድርጎ ያያል። ሶፍትዌሩ ግን ሳያስበው ወሎን ለሁለት ይከፍላል። ቤተ ክርስቲያን የመግባትን የፊቅህ ጥያቄ ለዑለሞቻችን እንተዋለን፤ እኛ የምንለው፣ ጎረቤታችን በምን እንደሚኮራ ማወቅ የሚያስፈልገን መሆኑን ነው። ቁርኣንም በምድር ላይ እንድንጓዝና እንድናስተውል ደጋግሞ ያዘናል። የምናውቀውን ብቻ የሚያሳየን መሪ ከማስተዋል ያግደናል።

የመጨረሻው ሥጋት የመረጃ አማና ነው። ሶፍትዌሩ እንዲያገለግለን ሃይማኖታችንን፣ ሕመማችንን፣ የምንገኝበትን ቦታ እንነግረዋለን። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2020 ማዘርቦርድ የተባለው የዜና ተቋም፣ በዓለም ዙሪያ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሙስሊሞች ለሶላት ሰዓትና ለቂብላ የሚጠቀሙበት ሙስሊም ፕሮ የተባለው መተግበሪያ የተጠቃሚዎችን መገኛ ለኤክስ ሞድ ኩባንያ ይሰጥ እንደነበር፣ ከዚያ ኩባንያ ደንበኞች መካከልም የአሜሪካ ጦር ሥራ ተቋራጮች እንዳሉ አጋለጠ። መተግበሪያው ከዚያ በኋላ ግንኙነቱን ማቋረጡን አሳውቋል። ቂብላን ለመፈለግ የከፈትነው ስልክ የት እንዳለን ለማናውቀው ሰው ይነግር ነበር ማለት ነው። በአገራችንም በ2016 ዓ.ም. የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ወጥቷል። አዋጁ ሊተገበር የሚችለው ግን መብቱን የሚያውቅና የሚጠይቅ ተጠቃሚ ሲኖር ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ? ሦስት ነገር እናቀርባለን።

አንደኛ፣ የሶፍትዌርና የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪዎቻችን የመመረቂያ ፕሮጀክት ርዕስ ስትፈልጉ ወደ ላስታ ተመልከቱ። የሚያስፈልገው ሌላ የሚያወራ ሮቦት አይደለም። የሚያስፈልገው የአካባቢው ሰው ራሱ የሚያድሰው፣ በአማርኛ የተጻፈ፣ ለማንም ክፍት የሆነ መዝገብ ነው፤ መንገዱ፣ የገበያው ቀን፣ የጾሙ ወቅት፣ የእንግዳ ጎጆው፣ የበቅሎው ዋጋ፣ የሚደወልለት ሰው። ኢንተርኔት በሌለበት ቀን በአጭር የጽሑፍ መልእክትም መታደስ አለበት። ትልቁ ሶፍትዌር የሚያነበው ነገር ሲያገኝ ያነባል፤ ዛሬ የሚያነበው የለውም።

ሁለተኛ፣ ይህን ሥራ ስትሠሩ የወካላን ሕግ በፕሮግራሙ ውስጥ አስገቡ። ወኪሉ ከሻጩ የሚያገኘው ክፍያ ካለ በግልጽ ይናገር። አንድ ብቻ ሳይሆን ቢያንስ ሦስት አማራጭ ያሳይ። መረጃው መቼ እንደታደሰ ቀኑን ይጻፍ። ሳያውቅ እንደሚያውቅ ከሚናገር «ይህን ከአካባቢው ሰው ጠይቅ» ይበል። አላሁ አዕለም ማለት ዑለሞቻችንን አላሳነሳቸውም፤ ፕሮግራምንም አያሳንሰውም።

ሦስተኛ፣ እኛ ተጠቃሚዎች ለጉዞም ሆነ ነገ ኢንሻአላህ ለዑምራ እንዲህ ያለ መሣሪያ ስንጠቀም የማያስፈልገውን አንንገረው፤ የመገኛ ቦታ ፈቃዱን ከተጠቀምን በኋላ እንዝጋው፤ ገንዘብ ከመክፈላችን በፊት ቦታውን የሚያውቅ አንድ ሰው እንጠይቅ።

«አሁን ቱሪስት በሌለበት ጊዜ ይህን ማሰብ ምን ይጠቅማል?» የሚል ሊኖር ይችላል። መስክ የሚታረሰው ዝናብ ሳይመጣ ነው። እንግዳው በአላህ ፈቃድ ሰላም ሲሰፍን ይመለሳል። ያን ጊዜ ምክሩን የሚሰጠው ወኪል ላስታን የሚያውቃት በላስታ ሰው ቃል ይሆናል ወይስ አንድ ጊዜ አልፎ በሄደ እንግዳ ወሬ? የሚወሰነው ዛሬ በሚሠራው ሥራ ነው። ሥራውን የጀመረ ሰው ሰደቃ ጃሪያ ትቷል ብለን ተስፋ እናደርጋለን፤ የተጠቀመበት ሁሉ ሙስሊምም ክርስቲያንም ቢሆን።

አላህ ለአገራችን ሰላም፣ ለመንገደኛው ደኅንነት፣ ለላስታ ቤተሰብ ሐላል ሲሳይ ይስጥልን። አሚን።